ዝግ ያለ ቴሌቪዥን እያዩ ሹራብ፣ ኪሮሽና ጥልፍ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝግ ያለ ቴሌቪዥን ምንድን ነው?

አንድን ነገር ከመነሻው እስከ መጨረሻው፣ ሳይቆራርጥና ሳያፋጥን፣ በእውን የሚፈጀውን ሰዓት ያህል የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ባቡር ከአንድ ከተማ ተነሥቶ ሌላው ከተማ እስኪገባ፣ መርከብ ከወደብ ወደብ ሲጓዝ፣ እንጨት ነዶ ፍም እስኪሆን ድረስ ይታያል። ተራኪ ወይ የለውም፣ ወይ አልፎ አልፎ ብቻ ይናገራል።

እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ያስለመደው የኖርዌይ የሕዝብ ማሰራጫ ኤንአርኬ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የበርገንን የባቡር መስመር 100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ ከበርገን እስከ ኦስሎ ያለውን ከ7 ሰዓት በላይ የሚወስድ ጉዞ እንዳለ አሳየ። ባቡሩ ዋሻ ሲገባ ተመልካቹ ጨለማ ላይ እንዳያፈጥ ከማኅደር የወጡ ምስሎች ይገቡ ነበር። በ2011 ደግሞ ከበርገን እስከ ኪርከነስ የሚሄድ መርከብ 134 ሰዓት በቀጥታ ተላለፈ። ለእጅ ሠሪ ትልቁ ጥቅሙ አሥር ደቂቃ አቀርቅረው ቀና ቢሉ ያመለጠዎት ነገር አለመኖሩ ነው።

ተከታታይ ድራማ እያየሁም እሠራለሁ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ሥራው ላይ ይታያል። ታሪኩ ልብ ሰቅሎ ሲይዝ ጣት ሳይታወቅ ክሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ትዕይንቱ ሲያበቃ ደግሞ ይለቀዋል። ውጤቱ አንድ ሹራብ ላይ ጠባብና ሰፊ ክፍል እየተፈራረቀ መምጣቱ ነው።

በቁጥር እንየው። 10 ሳንቲ ሜትር ላይ 22 ቀለበት (መርፌው ላይ የሚደረደረው የክር ዙር) እንዲገባ ታስቦ የፊት ለፊቱ ክፍል በ110 ቀለበት ቢጀመር ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጅ ጠብቆ በ10 ሳንቲ ሜትር 24 ቀለበት ከገባ ግን ያው 110 ቀለበት 46 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጀርባውም እንዲሁ ከጠበበ ሹራቡ ዙሪያውን ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ጎደለ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በማጠብም በመወጠርም ሁልጊዜ የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ድራማ ካዩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ማስመሪያ ያስቀምጡና ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ችግር ከሥር የሚጻፍ ትርጉም ነው። እጅና ጽሑፍ አብረው አይሄዱም። ዓይን ለማንበብ ቀና ባለ ቁጥር እጅ ይቆማል፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ሥራ ሁለት ይፈጃል። የማይሰሙት ቋንቋ ያለበት ፕሮግራም ለእጅ ሥራ አይሆንም።

የትኛው ሥራ ነው ከቴሌቪዥን ጋር የሚሄደው?

መመዘኛው ቀላል ነው፦ ዓይንዎን ጨፍነው አሥር ቀለበት ይሥሩ። ካልጠፋብዎት ሥራው ለቴሌቪዥን ብቁ ነው። ካቆሙ ወይም መርፌው ክሩን ከሁለት ከሰነጠቀው ገና ነው።

በሹራብ ከሁሉም የሚመቸው በባለ ገመድ ክብ መርፌ ዙሪያውን የሚሠራ ጌጥ የሌለው ሥራ ነው፤ መገልበጥ የለም፣ የረድፍ መጨረሻ የለም፣ እጅ በራሱ ይሄዳል። የኮፍያና የሹራብ ገላ እንዲህ ይሠራል። ቀጥሎ የሚመጣው ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት የሆነ የአንገት ልብስ ነው። በኪሮሽ አራት ማዕዘን ቁራጮችን መሥራት ይመቻል፤ ሁለት ሦስት ከሠሩ በኋላ አካሄዱን እጅ ያውቀዋል። በእንዝርት ፈትልም ጥሩ ነው፤ ጥጡ ወይም ሱፉ አስቀድሞ ከተባዘተ ጣት ውፍረቱን በመዳሰስ ይለየዋል። በእጅ የሚሰፋ ሙዳይና ሌማት ሲሆን መጀመሪያው፣ ማለትም የእምብርቱ ሦስት አራት ዙር፣ ዓይን ይፈልጋል። መሃሉ ግን ነፃ ነው፣ ጌጥ እስኪገባበት ድረስ።

ጥልፍ መካከል ላይ ነው። ዝርዝሩን ጨርቁ ላይ አስቀድመው ከሳሉትና ሰፊ ቦታ በአንድ ቀለም የሚሞሉ ከሆነ ይሄዳል። ክር እየቆጠሩ የሚሠሩት መስቀልኛ ጥልፍ ግን ቀና ባሉ ቁጥር ቦታው ይጠፋል።

ፈጽሞ የማይሄዱም አሉ፦ በስፌት መኪና መስፋት፣ ጨርቅ መቁረጥ፣ እንጨት በቢላ መፈልፈል፣ ትኩስ ሙጫ። እነዚህ ላይ ዓይን ለአንድ ሰከንድ ቢነሣ የሚጎዳው ጣት ነው። ሹራብ ሲጀመር ቀለበት መስካት፣ ብብትና አንገት ላይ መቀነስ፣ ቀዳዳ ያለው የዳንቴል ሥራ፣ ከሁለት ቀለም በላይ ያለው ሥዕል፣ እነዚህም ስክሪኑ ጠፍቶ ቢሠሩ ይሻላል። ብዙዎች የሚያደርጉት ሁለት ሥራ በሁለት ቦርሳ መያዝ ነው፤ አንዱ ለቀን ብርሃን፣ ሌላው ለማታ።

ቆጠራው ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ቆጠራውን ከጭንቅላት አውጥቶ ለዕቃ መስጠት ነው። ቀለበት ሲሰኩ በየ20ው ምልክት ያስገቡ፤ የተለየ ቀለም ካለው ክር የተቋጠረ ትንሽ ዙሪያም ይበቃል። የጎደለ ሲመስልዎት መቁጠር ያለብዎት 20 እንጂ 110 አይደለም፤ የጎደለው የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነም ወዲያው ይታወቃል። የረድፍ ቁጥር ደግሞ ጫን ሲሉት በሚቆጥር ትንሽ መቁጠሪያ ወይም በወረቀት ላይ በመሰረዝ ይያዛል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ ያስፈልጋል፦ ሁልጊዜ ረድፉ ሲያልቅ ይቁጠሩ እንጂ ሲጀመር አይሁን። አንድ ጊዜ በመጀመሪያ አንድ ጊዜ በመጨረሻ የሚቆጥር ሰው አንድ ረድፍ መሳቱ አይቀርም።

ከዚህ ሌላ የመመለሻ ክር አለ። ማታ ማታ ለሚሠራ ሰው ከምልክቱም በላይ ይጠቅማል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ትክክል መሆኑን ያረጋገጡት ረድፍ ላይ ሲደርሱ ቀጭን፣ ለስላሳና ሌላ ቀለም ያለው የጥጥ ክር ይቁረጡ፤ ርዝመቱ ከሥራው ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይብለጥ። ጫፉ ደነዝ በሆነ የስፌት መርፌ ይሰኩትና የሹራቡ መርፌ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሁሉ ውስጥ ያሳልፉት፤ ቀለበቶቹ ግን ከሹራቡ መርፌ አይውጡ። ምልክት ማድረጊያዎቹ ውስጥ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ፤ ካለፈ ምልክቱ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ከዚያ ሥራዎን ይቀጥሉ። በኋላ ስሕተት ሲገኝ የሹራቡን መርፌ አውጥተው የሥራውን ክር መሳብ ነው። መተርተሩ የመመለሻው ክር ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ቀለበቶቹም ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በየ10 ወይም በየ20 ረድፉ አንድ ማሳለፍ በቂ ነው። ሱፍ ክር ለዚህ አይሁን፤ ጭገሩ ከሥራው ጋር ይያያዝና አልወጣም ይላል።

ጠርዙ እየጠበበ ወይም እየሰፋ የሚሄደው ለምንድን ነው?

በኪሮሽ ከሆነ የሚጠበው የረድፉ የመጨረሻ ቀለበት ስለሚዘለል ነው። ያ ቀለበት ከመዞሪያው ሰንሰለት ጋር ተጣብቆ ይተኛል፤ ቀና ብሎ ለሚሠራ ሰው አይታየውም። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀለበት ላይ ምልክት እየሰኩ በየረድፉ ወደ ላይ ያዛውሩት።

በሹራብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሚሰፋው ረድፉ ሲጀመር ነው። ክሩ ከመርፌው ላይ ወደ ኋላ ሲጎተት የመጀመሪያው ቀለበት ሁለት እግሩ ይነሣና ሁለት ቀለበት ይመስላል፤ ያላየ ሰው ሁለቱንም ይሠራቸዋል። ረድፍ ከመጀመርዎ በፊት ክሩን ወደ ታች ጎተት ያድርጉት፣ ቀለበቱ አንድ መሆኑ ይታያል።

ሌላም ምክንያት አለ። ረድፉ መሃል ላይ አስቀምጠው ተነሥተው ሲመለሱ ሥራውን በተቃራኒ አቅጣጫ ይጀምሩታል፤ በዚያ ቦታ አንዱ ወገን በሁለት ረድፍ ይረዝማል፣ ትንሽ ቀዳዳም ይቀራል። አለመሳሳቻው ክሩ ነው። ከኳሱ የሚመጣው ክር የተንጠለጠለበት መርፌ በቀኝ እጅ መያዝ አለበት፤ ለግራኝ በግራ። ባይነሡ ይመረጣል፣ ረድፉን ጨርሰው ይነሡ።

መብራቱ እንዴት ይሁን?

ጨለማ ክፍል ውስጥ በስክሪን ብርሃን ብቻ መሥራት የሚያስከትለው ነገር በማግሥቱ ቀን ይታያል፦ የተሰነጠቀ ክር፣ የወደቀ ቀለበት፣ የተቀያየረ ቀለም። የስክሪን ብርሃን ከምስሉ ጋር ይለዋወጣል። የእሳት ምስል ሁሉን ነገር ወደ ቢጫና ቀይ ይጎትታል። ስለዚህ የጥልፍ ክር ቀለም መምረጥ የቀን ሥራ ነው።

በቀኝ እጅ ለሚሠራ መብራቱ ከግራ ትከሻ በላይ፣ ከእጅ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይሁን፤ በግራ ለሚሠራ ተቃራኒው። ከ500 እስከ 800 ሉመን የሚሰጥ የኤልኢዲ አምፖል ይበቃል። 4000 ኬልቪን አካባቢ ያለው ነጭ ብርሃን ለክር ይመቻል። ካርቶኑ ላይ ቀለምን በትክክል የማሳየት መጠን (CRI) ከተጻፈ 90ና ከዚያ በላይ ያለውን ይምረጡ፤ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር የሚለዩት በዚህ ነው። አምፖሉ ስክሪኑ ላይ ያብረቀርቅ እንደሆነ ለማወቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው ከመቀመጫዎ ይመልከቱ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ መብራቱ ከታየ ቦታውን ያዙሩት።

ክሩ ጥቁር ከሆነ ጭንዎ ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ቀለበቶቹ መሃል ያለው ክፍተት ወዲያው ፍንትው ብሎ ይታያል። ለነጭ ክር ጥቁር ጨርቅ። ከአዲስ አምፖል ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረዳው ይህ ነው፤ ወጪም የለውም።

ስክሪኑ ምን ያህል ይራቅ? መነጽርስ?

የቴሌቪዥኑን ኢንች በ2.54 አባዝተው ሳንቲ ሜትር ያድርጉት፣ ከዚያ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ይራቁ። 43 ኢንች 109 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከ1.6 እስከ 2.7 ሜትር። ለእጅ ሥራ ወደ ሩቁ ማድላት ይሻላል። ስክሪኑ ፊት ለፊት ይሁን፤ ወደ ጎን ከሆነ አንገት ሌሊቱን ይቀጣል። ከፍታውም መሃሉ ከዓይን ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን ለዚህ ነገር አይመችም፤ ከጭን ወደ ላይ የሚደረገው የአንገት ጉዞ ይረዝማል። ጭን ላይ ትራስ አድርጎ ሥራውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ያንኑ ጉዞ ያሳጥረዋል።

ሥራው ከዓይን ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፣ ስክሪኑ ሁለት ሜትር ከዚያም በላይ ላይ። ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመቀየር ይዘገያል፤ ቀና ሲሉ ምስሉ ለአፍታ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ለማንበቢያ ብቻ የተሠራ መነጽር ሩቁን ስለሚያደበዝዝ ግማሽ ፍሬም ያለውን አፍንጫ ላይ ዝቅ አድርጎ ከላዩ ማየት ይቻላል። ቅርቡ ከታች፣ ሩቁ ከላይ የሆነ መነጽር ያለው ሰው ደግሞ በዚህ ሥራ ዕድለኛ ነው፤ ሌንሱ የተሠራው ልክ ለእንዲህ ዓይነት አስተያየት ይመስላል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ስድስት ሜትር ያህል ወደሚርቅ ነገር መመልከትም ይጠቅማል፤ መስኮት ካለ በመስኮት።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ምስል?

ከባቡሩ ፊት የተነሣ ምስል ሐዲዱን ወደ ራስ እየሳበ ይመጣል። አንዳንድ ሰው ቁልቁል ሥራውን፣ ሽቅብ ስክሪኑን ሲያይ ያዞረዋል። እንዲህ ከሆነብዎ ከጎን መስኮት የተነሣውንም ትተው የመርከብ ጉዞ ይምረጡ፤ የቅርቡ ነገር በፍጥነት የሚያልፈው በጎን መስኮት ነው፣ መርከብ ላይ ግን ሁሉም ሩቅ ነው።

ዝናብ፣ ምድጃና የባሕር ዳርቻ ለቆጠራ ሥራ ይመቻሉ፤ አዲስ ነገር አይመጣባቸውም። የእንስሳት ቀጥታ ሥርጭት ሌላ ነው። የስዊድኑ የሕዝብ ማሰራጫ ኤስቪቲ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጸደዩ የሚያሳየው የኤልክ አጋዘኖች ጉዞ ለሰዓታት ደን ብቻ ይታይበታል፤ ከዚያ ድንገት አጋዘኖቹ ወንዝ ሲያቋርጡ ክፍሉ ሁሉ ቀና ይላል። ለዚህ ዓይነቱ፣ በማንኛውም ቀለበት ላይ ሊቆም የሚችል ሥራ ይያዙ።

እጅ ሥራን ራሱን የሚያሳይ ፕሮግራምስ አለ?

አለ። ታዋቂው ኤንአርኬ በኖቬምበር 2013 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያሳየው የሹራብ ምሽት ነው። መጀመሪያ ለአራት ሰዓት ያህል ስለ ሹራብ ወግ ተያዘ፤ ከዚያ በግ ተሸለተ፣ ሱፉ ተፈተለ፣ ቡድኑ ተከፋፍሎ ሹራብ ሠራ። ያሰቡት በግ ከመሸለት ሹራብ እስከ መጨረስ በአውስትራሊያውያን ተይዞ የነበረውን የ4 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ክብረ ወሰን መስበር ነበር። አልሆነም፤ ከስምንት ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ለሠሪ ትምህርቱ ያለው ከሰዓቱ ይልቅ ከቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሱፍ በአግባቡ ካልተፈተለ ወደ ሹራቡ መሄድ አይቻልም፣ የሹራቡ ክፍሎች ካላለቁም መገጣጠም አይጀመርም፤ ብዙ እጅ ቢኖርም ተራ መጠበቅ አለ።

የእንግሊዙ ቢቢሲ ፎር ጣቢያም በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያ ከጥሬ ዕቃው እስከ ተጠናቀቀው ዕቃ ሲሠራ ያለ ትረካና ያለ ሙዚቃ አሳይቷል፤ የብርጭቆ ማንቆርቆሪያ፣ ቢላና ወንበር። እነዚህ ግን እያዩ ለመሥራት አይሆኑም። እጅ ሌላ እጅ ሲሠራ ሲያይ ይቆማል።

በየመሃሉ ይቋረጣል ወይም በራሱ ይጠፋል፤ ለምን?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቴሌቪዥኑ ነው፤ ብዙዎቹ ሪሞት ሳይነካ አራት ሰዓት ገደማ ካለፈ ለኃይል ቁጠባ ይጠፋሉ። ቅንብር ውስጥ ገብተው ኃይል ወይም አጠቃላይ በሚለው ሥር በራስ መጥፋትን ይዝጉት፣ የእንቅልፍ ሰዓት ቆጣሪውንም እንዳልተሞላ ይዩ። ሁለተኛው መተግበሪያው ነው፤ እያዩ ነው ወይ ብሎ ይጠይቅና መልስ ካጣ ያቆማል። አንዳንዱ ላይ መዝጋት ይቻላል፤ የማይቻል ከሆነ አስቀድሞ አውርዶ ከፍላሽ ማጫወት ነው። ሦስተኛው ማስታወቂያ ነው፤ ጸጥ ካለ የውኃ ድምፅ በኋላ ድንገት ሲጮህ ሰው ደንግጦ ቀለበት ይጥላል። ይህንንም ማውረድ ይፈታዋል።

በዚያው ቅንብር ውስጥ ብሩህነቱን ይቀንሱ። ምስሉ ለብዙ ሰዓት የማይንቀሳቀስ ከሆነና ስክሪንዎ ኦሌድ (OLED) ከሆነ ማዕዘኑ ላይ ያለው የጣቢያ ምልክት አሻራ ሊተው ይችላል፤ ተመሳሳዩን ፕሮግራም ማታ ማታ አይደጋግሙ። ድምፁን ደግሞ የመርፌዎቹ ቀጭ ቀጭ እስኪሰማዎት ድረስ ዝቅ ያድርጉ። የወደቀ ቀለበት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው ከምቱ መዛባት ነው።

ኢንተርኔት ምን ያህል ይበላል?

በሙሉ ኤችዲ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ጊጋ ባይት ይገመታል፣ በ720 የምስል ጥራት ከ1 እስከ 1.5፣ በ480 ከአንድ ጊጋ በታች። የሰባት ሰዓት የባቡር ጉዞ በሙሉ ኤችዲ ከ14 እስከ 21 ጊጋ ይሄዳል ማለት ነው። ዓይን አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያርፍበት ምስል ይህ ብክነት ነው፤ 480 ወይም 720 ይምረጡ።

እጄ ይደነዝዛል

በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ይቁሙ። ጣቶችን ዘርግቶ መጨበጥ፣ አንጓን ማዟዟር፣ ትከሻን ወደ ኋላ መሳብ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዝግ ያለ ፕሮግራም ማረፊያ ስለሌለው ጊዜው ሳይታወቅ ያልፋል፣ ስለዚህ ስልክዎ ይቀስቅስዎ። ከባድ ሥራ በረጃጅም ቀጥ ያሉ መርፌዎች ሲሆን ክብደቱ አንጓ ላይ ያርፋል፤ በባለ ገመዱ መርፌ ሲሆን ጭን ላይ ይተኛል። ክርኖች በመደገፊያ ላይ ይረፉ። አውራ ጣት፣ አመልካችና መሃል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ የሚቀሰቅሱ ከሆነ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ይየው።

መርፌ ሶፋ ውስጥ እየጠፋ ነው

የሶፋው ክንድ ላይ አይሰኩት፤ ማታ ማታ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፣ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ማግኔት የተለጠፈበት ትንሽ ጣሳ አጠገብዎ ያስቀምጡ። ሲጀምሩ ስንት መርፌ እንዳወጡ ይቁጠሩ፣ ሲጨርሱ ያንኑ ቁጥር ይመልሱ። የጥልፍ ክርም ከ45 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከዚያ ከረዘመ ጨርቅ ውስጥ ባለፈ ቁጥር ይላጋል፣ ይቋጠራል፣ ዓይንዎንም ከስክሪኑ ላይ በየደቂቃው ያስወርዳል። ቤት ውስጥ ድመት ወይም ውሻ ካለ የተቆረጠ ክር መሬት ላይ አይተዉ። ከዋጠና ጫፉ ከአፉ ወይም ከኋላው ከታየ አይጎትቱት፤ አንጀት ሊቆርጥ ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።